ዝቅ ያለ ወንበር፣ የሚዞር ወገብ፦ የፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ ጉዳይ

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ (1932–1982) ሲጫወት የተቀረጸ ፊልም ያየ የፒያኖ መምህር፣ ተማሪዎቹን የሚቆጣባቸውን ጥፋቶች በሙሉ አንድ ሰው ላይ ተሰብስበው ያገኛቸዋል። ጀርባው ጎብጧል። ፊቱ ቁልፎቹን ሊነካ ምንም አልቀረው። እግሩን እግሩ ላይ አነባብሯል። እየተጫወተ ያንጎራጉራል፤ ከወገቡ በላይ ያለው ገላው ክብ እየሠራ ይዞራል፤ ግራ እጁ ሥራ በፈታ ቁጥር ብድግ ብሎ ቀኝ እጁን ይመራል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳመጠው ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል፦ ድምፁ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የሚለይ፣ ምቱ ፍንክች የማይል።

ይኸው ሰው በ1977 አጋማሽ እጁ አልታዘዝ አለው (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የገላውን ክፍሎች አንድ በአንድ እየፈተሸ የጻፈው ማስታወሻ ተርፎ በሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎችና በሐኪሞች እጅ ገብቷል። ጉዳዩን ለጥናት የሚመች ያደረገው ይህ ነው። ያልተለመደ አቀማመጥና ብዙ እንቅስቃሴ እንዴት ከሃያ ዓመት በላይ እንደሠራም፣ አንድ ትልቅ ተጫዋች ገላውን «ለማስተካከል» ሲነሣ ምን እንደሚገጥመውም እዚያው ይታያል። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ችግሩን የጀመረው ምንም ይሁን ምን፣ ያራዘመው መወዛወዙ ሳይሆን መገጣጠሚያዎቹን በተናጠል ለማዘዝ መሞከሩ ነው።

ወንበሩ

በ1953 አባቱ አንድ ተጣጣፊ የእንጨት ወንበር ወስደው እግሮቹን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆረጡለት። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ የናስ ማቀፊያና የሚዞር ብሎን ስለገጠሙበት አራቱም እግሮች ለየብቻ ከፍና ዝቅ ይላሉ። መቀመጫው ከወለሉ 14 ኢንች፣ ማለትም 35.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ይህም አልበቃ ሲለው ወንበሩን እንደገና ከመቁረጥ ይልቅ ፒያኖውን በእንጨት ብሎኮች ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጉለት ነበር። ወንበሩን እስከ መጨረሻው አልተወውም፤ የመቀመጫው ጨርቅና ሙሌት አልቆ ፍሬሙ ብቻ ሲቀርም እዚያው ላይ ተቀምጦ ይጫወት ነበር።

ልኩን እናስላው። የግራንድ ፒያኖ ቁልፎች ከወለሉ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። አብዛኛው ተጫዋች ከ48 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ከመቀመጫው እስከ ቁልፉ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በጉልድ ዘንድ ይህ ልዩነት፣ ከፒያኖው ሥር የሚገቡት ብሎኮች ሲደመሩ፣ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ክንድ ላይ ግን ሁሉን ይለውጣል።

በተለመደው ከፍታ ክርን ከቁልፉ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ተጫዋቹ ከፈለገ የክንዱን ክብደት ቁልፉ ላይ መጣል ይችላል። በጉልድ ወንበር ላይ ግን ክርኑ ከቁልፉ በታች ይንጠለጠላል። ክንዱ ከታች ወደ ላይ ተዳፍቶ፣ የእጅ አንጓው ከቁልፉ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ወይም ዝቅ ብሎ ይደርሳል፤ ጣቶቹም ቁልፉን ከላይ ከመምታት ይልቅ ወደ ራሳቸው ይስቡታል። የሚጣል ክብደት የለም። ሥራው በሙሉ የጣትና የመዳፍ ትናንሽ ጡንቻዎች ነው።

ትርፉ ከቁልፉ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። የፒያኖ ቁልፍ የሚወርደው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለመውረድ የሚጠይቀውም 50 ግራም ያህል ክብደት ነው። መዶሻው ገመዱን ሊመታ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከቁልፉ ይላቀቅና በራሱ ግፊት ይበራል። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ ቁልፉን የቱንም ያህል ቢጫነው የዚያ ኖታ ድምፅ አይለወጥም። ቁልፉ መጨረሻው ከደረሰ በኋላ የሚቀጥል ግፊት እንግዲህ ጣትን ማድከምና ቀጣዩን ኖታ ማዘግየት ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚጫንበት ክብደት ስለሌለው ይህን ብክነት ሳይወድ በግድ ያስቀራል። የጉልድ ኖታዎች እንደዚያ ተነጥለው የሚሰሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጣቱ ቁልፉን ያደርሳል፣ ወዲያው ይለቃል።

ኪሳራውም ቀላል አይደለም። ለሰፊ ኮርድ (አንድ ላይ ለሚመቱ ኖታዎች) እና ለከባድ ፎርቲሲሞ (እጅግ ለጎላ ድምፅ) የትከሻና የክንድ ክብደት ያስፈልጋል፤ ከታች ወደ ላይ የተዳፋ ክንድ ደግሞ ይህን አያገኝም። ስለዚህ አቀማመጡ ለጀርመናዊው አቀናባሪ ለባህ ዓይነት የመስመር ሙዚቃ (ብዙ ዜማዎች ጎን ለጎን ለሚሄዱበት) የተመቸ ሲሆን፣ ለኋለኛው የሮማንቲክ ዘመን ትልልቅ ኮንቼርቶዎች ጠላት ነው። ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ስለሚሆን እግሮቹ ወለሉን ረግጠው ገላውን መደገፍ አይችሉም፤ ወገብ ሚዛን መጠበቁን ብቻውን ይሸከማል። አንገት ወደፊት ይወጣል፤ ትከሻ ይጎብጣል። የጉልድን ሪከርድ ሰምቶ የወንበሩን እግር ሊቆርጥ የሚነሣ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው የአንገት ሕመም ነው፤ ያ ጥርት ያለ ድምፅ ወንበሩን ተከትሎ አይመጣም።

ከወንበሩ በተጨማሪ መሣሪያው ራሱ ለእሱ ተስተካክሎ ነበር። ለብዙ ዓመታት የቀረጸበት፣ መለያ ቁጥሩ ሲዲ 318 የሆነው ፒያኖ፣ ቁልፎቹ ቀለል እንዲሉና በፍጥነት እንዲመለሱ ተደርጎ የተበጀ ነበር። ያ ፒያኖ በ1971 በጉዞ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ተጠግኖም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ስድስት ዓመት ቆይቶ ለመጣው ችግር መንስኤው ይህ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ወንበሩ፣ የጣት ስልቱና ቀላሉ ቁልፍ አንድ ላይ የቆሙ ሦስት ምሰሶዎች ስለነበሩ፣ አንዱ ሲላላ ጭነቱ ሌሎቹ ላይ እንደሚወድቅ ልብ ማለት ያሻል።

ጣትን በሌላ እጅ መምታት

ዝቅ ያለ አቀማመጥን ጉልድ የወረሰው ከመምህሩ ነው። ቺሊ ተወልዶ ቶሮንቶ ያስተምር የነበረው አልቤርቶ ጌሬሮ ከልጅነቱ አንሥቶ እስከ 1952 ድረስ አስተምሮታል። የዚህ መምህር ዋና ልምምድ ዛሬም ሊሞከር የሚገባው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የሚለማመደው እጅ ቁልፎቹ ላይ ዘና ብሎ ያርፋል፤ አምስቱም ጣቶች የየቁልፋቸውን ገጽ ይነካሉ።
2. ሌላው እጅ፣ ኖታው በሚያዘው ቅደም ተከተል፣ የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ ቁልፉ መጨረሻው እስኪደርስ በቀስታ ይመታል። የተመታው ጣት ምንም አይሠራም፤ ወርዶ፣ ቁልፉ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።
3. ከዚያ ያው ሐረግ በጣም በዝግታ፣ በአጭር ስታካቶ (ኖታዎቹ ተነጥለው)፣ በአንድ እጅ ይጫወታል። ጣቱ ሲመታ የተሰማውን ያንኑ አጭር ጉዞ ራሱ ይደግመዋል።
4. ፍጥነቱ ከዚህ በኋላ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ሁለቱ እጆች የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው።

ልምምዱ ጣት አንድን ቁልፍ ለማውረድ የሚበቃው ኃይል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለነርቭ ሥርዓቱ ያሳያል። ብዙ ተማሪ ጣቱን ለማውረድ በመጀመሪያ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ ከፍ ማድረግ በእጁ ጀርባ ያሉትን ጅማቶች ይወጥራል፤ ጣቱ ሲወርድም ውጥረቱ ሳይላላ ይቀራል። ሲመታ የሚውል ጣት ግን ከፍ የሚልበት ምክንያት የለውም።

የሚበላሸው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው። የተመታው ጣት ሳያውቀው «ያግዛል»፤ ያኔ ልምምዱ ከንቱ ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የሚመታው እጅ በድንገት ቢያቆም የተመታው ጣት አብሮ መቆም አለበት። ሌላው ጥፋት ችኮላ ነው። አንድ ገጽ ፉጋ (አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች እየተቀባበለ የሚሄድበት ሙዚቃ) በዚህ መንገድ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ለሙሉ ሥራ ከማዋል ይልቅ ለሚያስቸግሩ አራት ወይም ስምንት ባሮች (የምት ክፍሎች) ማዋሉ ይሻላል። በክንድ ክብደት ለሚሠሩ ኮርዶች ደግሞ አይረዳም፤ እንዲያውም ይጎዳል።

እንቅስቃሴው ምን ይሠራ ነበር?

ጣቶቹ እንዲህ ቁጥብ ሆነው ሳለ ገላው ለምን ያን ያህል ይንቀሳቀሳል? ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፍራንሷ ዴላላንድ በ1980ዎቹ የጉልድን ፊልሞች ሲያጠና የሙዚቀኛን እንቅስቃሴ በሦስት ደረጃ ለየ። አንደኛው ድምፁን የሚያወጣው ነው፦ የጣት፣ የእጅ፣ የፔዳል። ሁለተኛው የሚያጅበው ነው፦ የገላ መዞር፣ የራስ ንቅናቄ፣ የፊት ገጽታ፣ ትንፋሽ። ሦስተኛው ገላው ባይንቀሳቀስም አድማጩ ድምፁ ውስጥ «የሚያየው» እንቅስቃሴ ነው፤ ዜማ ሲወጣ፣ ሲንሳፈፍ፣ ሲወድቅ የሚሰማን ማለት ነው። ክርክሩ ሁሉ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የሚያጅብ እንቅስቃሴ ትርፍ ጌጥ ነው ወይስ ሥራ አለው?

በጉልድ ዘንድ ቢያንስ ሦስት ሥራ ነበረው። ክንዱ ከታች ስለተንጠለጠለ ወደ ጎን የመሄድ ነጻነቱ ጠባብ ነው፤ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ዳርና ዳር የሚያደርሰው ከዳሌ የሚነሣው የገላ መዞር ነበር። ክቡ በተጨማሪ ምቱን ከትንሹ ኖታ አውጥቶ ሐረግ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጣቱ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲቆጥር ገላው ሁለት ወይም አራት ባር በአንድ ዙር ይወስዳል። ማንጎራጎሩ ደግሞ፣ የቀረጻ ባለሙያዎችን ያስመረረና ከብዙ ሪከርዶቹ ሊጠፋ ያልቻለ ቢሆንም፣ ትንፋሽን በግድ ያስወጣል። ከባድ ሐረግ ሲመጣ ትንፋሽን ይዞ መቅረት የተጫዋቾች ሁሉ በሽታ ነው፤ ትንፋሽ ሲያዝ ደረት ይደርቃል፣ ትከሻም ተከትሎ ወደ ጆሮ ይወጣል። የሚዘምር ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

በ1959 ቤቱ ሆኖ ሲለማመድ የተቀረጸ አንድ ዶክመንታሪ አለ። የባህን ፓርቲታ እየተጫወተ ያቆማል፤ ሙዚቃው ግን አይቆምም። እየዘመረ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ እዚያ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ተመልሶ ተቀምጦ ይቀጥላል። ለመምህር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም፦ ሐረጉ የሚኖረው ጣት ውስጥ አይደለም፤ ጣት ከሥራው ሲነሣም ገላው ይዞት ይሄዳል።

ትልቁ ልዩነት እንቅስቃሴው የሚነሣበት ቦታ ነው። ከዳሌ ተነሥቶ በወገብ፣ በጀርባ፣ በትከሻ አልፎ ክንድ ላይ የሚደርስ እንቅስቃሴ ክንዱን ይሸከመዋል። ከትከሻ ወይም ከአንገት የሚጀምር ግን ክንዱን ይጎትተዋል፤ ራሱን እየነቀነቀ የሚጫወት ተማሪ ብዙ ጊዜ ከወገቡ በታች እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ጄን ዴቪድሰንም የፒያኒስቶችን እንቅስቃሴ ስታጠና ዳሌን የእንቅስቃሴው ማዕከል አድርጋ ነው ያገኘችው።

ስለ ተመልካች አንድ ነገር ብቻ እንበል። ዴቪድሰን በ1993 ባሳተመችው ጥናት ተጫዋቾች አንዱን ሥራ ስሜት አልባ፣ እንደወትሮው እና ከመጠን በላይ አጋነው እንዲጫወቱ አድርጋ፣ ተመልካቾች ልዩነቱን ከድምፁ ይልቅ ከእንቅስቃሴው አጥርተው እንደሚለዩት አሳየች። ቺያ-ጁንግ ጻይ በ2013 ባወጣችው ጥናት ደግሞ የፒያኖ ውድድር አሸናፊዎችን ድምፅ ከሌለው ቪዲዮ የለዩ ሰዎች ድምፁን ብቻ ከሰሙት በልጠው ተገኙ፤ ባለሙያ ሙዚቀኞችም ጭምር። ጉልድ ግን በ1964፣ በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ የኮንሰርት መድረክን ለዘለዓለም ትቶ ስቱዲዮ ገባ። የገላው ዙር ከዚያ በኋላም ስላልቀረ ለታዳሚ የሚደረግ ትዕይንት ነበር የሚለው ትችት ብዙም አያስኬድም።

የ1977ቱ መታወክ

በ1977 ጁን፣ ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ሥራ ላይ ሳለ፣ ኖታዎች የሚጣበቁ መሰሉት። በስኬል መልክ (በተከታታይ ኖታዎች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች) የሚሮጡ ምንባቦች፣ ማለትም የሙዚቃ ክፍሎች፣ እኩል አልወጣ አሉ። በሳምንታት ውስጥ ብሶበት ባለ አራት ድምፅ የባህ ኮራል (የመዝሙር ቅንብር) እንኳ ሚዛኑን ጠብቆ መጫወት አቃተው። ዋናው ቅሬታው ሕመም አልነበረም፤ የእጅ አለመታዘዝ ነበር።

ከሴፕቴምበር 1977 እስከ ጁላይ 1978 ማስታወሻ ያዘ። የእጅ አንጓን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ የጣት መነሻ ጉጦችን ማውጣትና ማስገባት፣ የአውራ ጣትን ማዕዘን መለወጥ፣ ክርንን፣ ትከሻን፣ አንገትን፣ ጀርባን ማስተካከል፤ ሁሉንም ሞክሯል። አካሄዱ ራሱን ይደግማል። አንድ አዲስ «ዘዴ» ይገኛል፤ በዚያ ቀን ነገሩ የተፈታ ይመስላል፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል፤ ሌላ ይፈለጋል።

ለምን ይፈርሳል? አንደኛው ምክንያት ሰንሰለቱ ነው። ወንበሩ ሳይነካ የእጅ አንጓ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ክርን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ክርን ሲወጣ የትከሻ ምላጭ ይነሣል፤ ምላጩን የሚያነሣው ጡንቻ አንገት ላይ የተያዘ ስለሆነ ራስ ይዘነበላል። አንድ ነገር ለወጥኩ ያለው ሰው አራት ነገር ለውጧል፤ የትኛው እንደረዳውና የትኛው እንደጎዳው ማወቂያ የለውም።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ቀን ማታለል ነው። አዲስ አያያዝ ለቆዳና ለመገጣጠሚያ አዲስ ስሜት ይሰጣል፤ የታወከ እጅ ደግሞ አዲስ ስሜት ሲያገኝ ለጊዜው ይሻሻላል። የጡንቻ መታዘዝ ችግር ያለባቸው አንዳንድ ፒያኒስቶች ስስ የላስቲክ ጓንት ሲያጠልቁ ለጥቂት ጊዜ ደህና የሚጫወቱት በዚህ ነው። ገላው ስሜቱን ሲለምደው ጥቅሙ ያልቃል። ስለዚህ የአንድን ለውጥ ዋጋ በዚያው ቀን መመዘን ሁልጊዜ ያሳስታል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ትኩረቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በጋብሪኤለ ዉልፍና በሌሎች የተሠሩ የእንቅስቃሴ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ፦ ሰው ትኩረቱን የገላው ክፍል ላይ ሲያደርግ እንቅስቃሴው ይሰባበራል፤ እንቅስቃሴው በሚያመጣው ውጤት ላይ ሲያደርግ ይለሰልሳል። በ2011 የታተመ የሮበርት ዱክና የባልደረቦቹ ጥናትም ይህንኑ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ፈተሸ። ተጫዋቾቹ ስለ ጣታቸው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መዶሻው ወይም ስለ ድምፁ እንዲያስቡ ተደረገ፤ ሐሳባቸው ከገላቸው በራቀ መጠን አጨዋወታቸው እኩልነት አገኘ።

የሚያስገርመው ጉልድ ይህን ቀድሞ ማወቁ ነው። በቃለ ምልልስ ስለ አጨዋወቱ ሲጠየቅ፣ እግሮቹን በምን ተራ እንደሚያንቀሳቅስ ተጠይቆ መራመድ እንዳቃተው ባለ ብዙ እግር ትል እንዳይሆን እንደሚፈራ ተናግሮ ነበር። በወጣትነቱ የሞዛርት ፉጋ ሲለማመድ የቤት ሠራተኛዋ አጠገቡ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ብታስነሣበት፣ ጣቶቹን ሳይሰማቸው የሙዚቃው መልክ ውስጡ ይበልጥ ጠርቶ እንደታየውም አውግቷል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ምንባብ እምቢ ሲለው ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን አስጩኾ መለማመድ መድኃኒቱ ሆነ። በ1958 እስራኤል ውስጥ መጥፎ ፒያኖ ሲገጥመውም ከመሣሪያው ርቆ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ የራሱን ፒያኖ ንክኪ በሐሳቡ እየደጋገመ ነው የተዘጋጀው። ሦስቱም መንገዶች ትኩረትን ከጣት ላይ ያነሣሉ። የ1977ቱ ማስታወሻ ደግሞ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ከዚያ በፊትም ገላውን በፍርሃት ይጠብቅ ነበር። በሞቃት ቀን ካፖርትና ጓንት ያደርጋል፤ ከመጫወቱ በፊት ክንዶቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይነክራል። በ1959 መጨረሻ አንድ የፒያኖ ባለሙያ በሰላምታ ትከሻውን ነክቶት ጉዳት አደረሰብኝ ብሎ ለወራት ታከመ፣ ከሰሰም፤ ጉዳዩ በ1961 በስምምነት አለቀ። ሙቅ ውሃው ጥሩ ልማድ ነው፤ የደም ዝውውርን ይጨምራል፣ ጅማትን ያላላል። ገላን እንደ ሊሰበር ዕቃ መጠበቅ ግን እያንዳንዱን ተራ ስሜት የአደጋ ምልክት ያደርገዋል።

የነርቭ ሐኪሙ ፍራንክ ዊልሰን ማስታወሻውንና ፊልሞቹን አይቶ ችግሩ ፎካል ዲስቶኒያ፣ ማለትም በአንድ የገላ ክፍል ላይ ጡንቻዎች ሳይታዘዙ የሚኮማተሩበት የነርቭ ሥርዓት መታወክ፣ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ይህ ከሞቱ በኋላ የቀረበ ግምት ነው፤ በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ምርመራ አልተሰጠውም። አስከሬኑ ሲመረመርም ለዓመታት ሲያማርርባቸው በኖሩ ቦታዎች ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልታየም። ከግምቱ ጋር የማይስማማ ነገርም አለ፦ በ1979 ወደ ቀረጻ ተመለሰ፤ በ1981 አፕሪልና ሜይ ደግሞ በ1955 የቀረጸውን የባህን የጎልድበርግ ቫሪዬሽን እዚያው ኒውዮርክ ስቱዲዮ እንደገና ቀረጸ። ፒያኖው ሌላ ነበር፤ ወንበሩ፣ ዙሩና ማንጎራጎሩ ግን ያው ናቸው። በዲስቶኒያ የተያዘ እጅ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፦ አሜሪካዊው ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ አጋማሽ የቀኝ እጁ አራተኛና አምስተኛ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ ካሉት በኋላ፣ በሁለት እጅ መጫወት እንደገና የቻለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጡንቻን በሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ እየታገዘ ነው።

መምህርና ተጫዋች ምን ያድርጉ?

አቀማመጥ መለወጥ ካስፈለገ በመጀመሪያ ይለካ። ከወለል እስከ መቀመጫ፣ ከወለል እስከ ቁልፉ ገጽ፣ ከሆድ እስከ ቁልፉ ጠርዝ፤ ሦስቱ ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ። ለአብዛኛው ሰው ጥሩ መነሻ ክርን ከቁልፉ ጋር እኩል ወይም አንድና ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለበት፣ እግር ሙሉ በሙሉ ወለል የረገጠበት ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ወንበር ከሆነ በአንድ ሴንቲ ሜትር። ለውጡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስሜት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ አይቆጠር። መመዘኛው «እንዴት ተሰማኝ?» ሳይሆን ቀረጻ ነው፦ አንድ ስኬል፣ አንድ ኮራል፣ አንድ ፈጣን ምንባብ፣ ሁልጊዜ ያው፣ በሜትሮኖም (በምት መቁጠሪያ) ያው ፍጥነት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። የሚያዳምጠውም የትኛው ሳምንት እንደሆነ የማያውቅ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

እንቅስቃሴን ለመፈተሽ ከጎን የተነሣ ቪዲዮ ከፊት ከተነሣው ይበልጣል፤ ትከሻ መቼ ወደ ጆሮ እንደሚወጣና ደረት መቼ እንደሚቆም የሚታየው ከጎን ነው። ሠላሳ ሰከንድ የሚሆን ምንባብ ሦስት ጊዜ ይጫወት፦ ድርቅ ተብሎ፣ እንደወትሮው፣ ተጋኖ። በመጀመሪያ ድምፁ ብቻ ይደመጥ። ሲጋነን ድምፁ ካልተለወጠ ያ እንቅስቃሴ ለተመልካች ነው፤ ቢቀር ሙዚቃው አይጎዳም። ድርቅ ሲባል ሐረጉ ከተቆራረጠ ግን እንቅስቃሴው ሥራ ነበረው ማለት ነውና ተማሪውን «አትወዛወዝ» ማለት ስህተት ይሆናል። ትከሻው ወጥቶ የተገኘ ተማሪም «ትከሻህን አውርድ» ከሚባል ይልቅ የላይኛውን መስመር እየዘመረ እንዲጫወት ይደረግ፤ ትንፋሹ ሲወጣ ትከሻው ራሱ ይወርዳል። ትእዛዙ ግን ዳግም ሌላ ጡንቻ ይወጥራል።

ጣት አልታዘዝ ማለት የጀመረበት ተጫዋች ልምምድ መጨመሩ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ የታወከ እንቅስቃሴ በተደጋገመ ቁጥር ይለመዳል። ሕመም ሳይኖር ጣት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ወይም እየተጣበቀ፣ ያውም መሣሪያው ላይ ብቻ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከዘለቀ የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ፎካል ዲስቶኒያ ከመቶ ባለሙያ ሙዚቀኞች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ክሊኒክ ውስጥ እጅ ጨብጦ፣ ጣት አስቆጥሮ የሚፈትሽ ሐኪም ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ያው እጅ ብዕር ይዞ በደህና ይጽፋል፣ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ብቻ ይታወካል። ስለዚህ ምርመራው መሣሪያው ላይ ይደረግ፤ ካልተቻለም ተጫዋቹ የሚያስቸግረውን ምንባብ በዝግታና በፍጥነት ሲጫወት፣ እጁ ከላይና ከጎን ተቀርጾ፣ ቪዲዮው ለሐኪሙ ይቅረብ።